ከቅርብ የተነሳ ፎቶ

ልጄ ከቡታጅራ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። በጣም ተጠግታ ስላነሳችው ጥቁር ጉንጉን ብቻ ነው የሚታየው። «አባ፣ ምንድን ነው? ገምት!» ትላለች። ለሥራ ብዬ ወልቂጤ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ሳገላብጥ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ አዲስ አበባ ይነግድ ነበር፤ ቤት የሚመጣው ለመስቀል ብቻ ነው። አንድ መስቀል ካሜራ ያለው ስልክ ይዞ መጣና የቤቱን ዕቃ እየተጠጋ እያነሳ ያስገምተን ጀመር። የክትፎውን ጣባም፣ የቃጫውን ገመድም አወቅኩ። ከዚያ ስልኩን ተቀብዬ እኔም አንድ አነሳሁ። አባቴ ዓይኑን አጥብቦ ቆየና «የእንሰት ግንድ ነው» አለ። ሳቄ አመለጠኝ። እንሰት ስትፍቅ የኖረችው የእናቴ መዳፍ ነበር።

እናቴ ግን አልሳቀችም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸግ አድርጋ፣ «ተወው፤ እንግዳ ሰው ምን ያውቃል» አለችኝ። ያኔ አባቴ ማስገመት እንጂ መገመት አልለመደም ማለቷ መስሎኝ ነበር።

ለልጄ «ገመድ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ ወዲያው መጣ፦

«አይደለም አባ፣ ሹሩባዬ ነው። ጸጉሬ ካደገ እኮ ቆየ።»