ሃያ ሰባተኛው ፎርም

ዘርፈሽ ከኪራሙ ነቀምቴ ስትገባ የተረፏት ልጇ ሩትና አንድ የሥራ ልምድ ወረቀት ብቻ ነበሩ። በጦርነቱ የሞተ ባሏን እዚያው ቀብራ ነው የወጣችው። ያቺ ወረቀት በጅታት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች። ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅም፤ የተንጋደደ ወረቀት ካየች ሳታቃና አታልፍም። ያን ቀን ጉድ ያደረጋትም ይኸው ጠባይዋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኪራሙና ከጊዳ አያና ተፈናቅለው የመጡ ሃያ ሰባት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አሉ። ማስረጃቸው ከነቤታቸው ተቃጥሏል። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ፈየራ ወራት ለፍተው፣ ምስክር ፈልገው፣ ለእያንዳንዳቸው ፎርም ሞልተው በኮምፒውተራቸው አስቀመጡላቸው። ፎርሙ በዚያው ቀን ታትሞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ወደ ፈተና መሥሪያ ቤቱ በሚነሳው መኪና ካልሄደ ዘንድሮ ፈተና የለም። ሩት ከሃያ ሰባቱ አንዷ ናት። ሁለት ዓመት በጦርነቱ ባክኖባታል፤ «ዘንድሮም ከቀረሁ በቃ፣ ዓረብ አገር ነው የምሄደው» ብላ ቆርጣለች።

ኦቦ ፈየራ በማለዳ ጉቶ ጊዳ ለቅሶ ሄዱ። ቢሯቸውን በብረት በር ቆልፈው፣ ኮምፒውተሩን ግን አብርተው ትተው፣ «አዴ ዘርፈሽ፣ አንቺ ክፍል ሆነሽ በኔትወርኩ ክፈቺና አትሚው» ብለዋታል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በገመድ የተያያዙ ናቸው፤ ትናንት ስትከፍተው ውላለች።

አምስት ሰዓት ላይ ፎርሞቹ ያሉበትን የጋራ ፎልደር ነካችው። ኮምፒውተሩ መግባት አልተፈቀደልሽም አላት። ደግማ ነካችው። ያው ነው።

«ኧረ የምን ፈቃድ! ትናንት የገባሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ኦቦ ፈየራ ጋ ብትደውል ስልካቸው አይሠራም። የኮምፒውተር መምህሩን ሮብሳንን ጠራችው። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ የኦቦ ፈየራ ኮምፒውተር በገመዱ ሲጠሩት ይመልሳል። ፓስዎርዱን ሦስቴ ጻፈ፣ አጥፍቶ አበራ። አሁንም አልተፈቀደልሽም። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት አለፈ፣ ስምንትም አለፈ። ሩት ከጠዋት ጀምሮ የግቢው በር ላይ ቆማለች፤ ለዘርፈሽ በመስኮት ትታያታለች።

ያን ጊዜ ነው ዘርፈሽን አፏ ያመለጣት። «አውቃችሁ ነው! እኛን ለይታችሁ ነው የዘጋችሁብን! ከቤታችን አባራችሁ፣ አሁን ደግሞ ከፈተናው!»

ሮብሳን እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ፊቱ ጠቆረ። «አዴ ዘርፈሽ፣ የእህቴ ልጅ ጂሩ ከሃያ ሰባቱ ውስጥ አለ እኮ። የጊዳ አያናው ቤታቸውም ተቃጥሏል።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን ተመልሶ ኪቦርዱ ላይ አጎነበሰ። ብዙ ቆይቶ ዓይኑ የስክሪኑ ጥግ ላይ ቀረ።

«ይሄ ቀን ምንድነው?»

«የዛሬ ነዋ! የካቲት አሥራ ስምንት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።»

«ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ። ሌሊት መብራት ሄዶ ኖሮ ጠዋት ስከፍተው እንደልማዱ ቀኑ ተዘባርቆ አገኘሁት። ሁልጊዜ አንተን ከማስቸግር ብዬ ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር አይቼ አስተካከልኩት።»

ሮብሳን ዓይኑን ጨፈነ። «ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፣ አዴ። ያንቺ ከኦቦ ፈየራ ኮምፒውተር ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ቀርቷል። ቀናቸው ካልገጠመ አይተማመኑም፤ አያስገባሽም።»

ቀኑንና ሰዓቱን አስተካከለ። ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል።

ዘርፈሽ ደስ ሊላት አልቻለም። የዘጋችው ራሷ ናት፤ በገዛ እጇ፣ ያውም ለማቃናት ብላ።

ፕሪንተሩ አሮጌ ነው። አንዱን ፎርም ለማውጣት ከደቂቃ በላይ ያቃስታል። ሮብሳን ዝርዝሩን አየ፤ ሩት መጨረሻ ላይ ናት። የራሷን ልጅ አስቀደመች እንዳይሏት ዘርፈሽ ራሷ ናት ሃያ ሰባተኛ ያደረገቻት።

«የሩትን ላስቀድም?» አላት ቀስ ብሎ።

ዘርፈሽ በመስኮት ሩትን አየች። አዎ በይ፣ አዎ በይ አላት ልቧ። «አይሆንም» አለች። «በእኔ ጥፋት የሰው ልጅ አይቀርም። በተራው ይሁን።»

ማኅተሙን እየመታች ቆጠረች። የጂሩ ወጣ። ሃያ ወጣ። ሃያ አራት ላይ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ሃያ አምስት። ሃያ ስድስት። «ሲመሽ መንገዱ ይዘጋብኛል! አልጠብቅም!» ይላል ሾፌሩ ከውጭ። ሮብሳን ሃያ ስድስቱን በፖስታ ይዞ ሮጠ። የመኪናውን በር ይዞ ሲለምን፣ ሲቆጣ፣ እንደገና ሲለምን በመስኮት አየችው። ሾፌሩ ፖስታውን ተቀበለው። መኪናው ሄደ።

ያኔ ነው ሃያ ሰባተኛው የወጣው። ዘርፈሽ ማኅተም መታችበት። ለምን እንደመታችበት እሷም አታውቅም። ይዛው ወጣች።

ሩት እየሳቀች ወደ እሷ መጣች። «እማዬ፣ ሄደ አይደል? መኪናውን አየሁት!»

ዘርፈሽ ወረቀቱን ዘረጋችላት። ገና እንደሞቀ ነበር፤ ሩት ተቀብላ የራሷን ስም አነበበች።