ጋሽ አሲድና ዘይታሟ ክኒን

አባቴን ሰፈሩ «ጋሽ አሲድ» ይለዋል። አሮጌ የመኪና ባትሪ ፈልፍሎ፣ እርሳሱን አቅልጦ ያድሳል፤ አፉም እንደ አሲዱ ያቃጥላል። ምሳውን የሚገምጠው እዚያው ምድጃው አጠገብ፣ ከሰል በመሰለ እጁ ነበር።

ሆዱን እየቆረጠው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እናቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ።

«አባባ፣ በሚቀጥለው ምርመራ ካልቀነሰ ይህን ሥራ ይተዋሉ» አለችው ዶክተሯ። «ጭምብል ያድርጉ፣ በሳሙና ይታጠቡ፣ ሥራ ቦታ አይብሉ። ቫይታሚን ኢም አዝዝልዎታለሁ። እርሳሱ ደምዎን እንዳይጎዳው ትንሽ ይከላከል ይሆናል፤ እርሳሱን ግን አያወጣውም።»

አባቴ ከዚህ ሁሉ የሰማው ቫይታሚኑን ብቻ ነው። ዘይት የቋጠሩትን ወርቃማ ፍሬዎች ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይቺማ ግሪስ ናት! የባትሪ ጫፍ እንዳይዝግ ግሪስ እንቀባ የለ? ደሜም ተቀባ ማለት ነው። አለቀ!»

በማግስቱ በዚያው ጥቁር እጁ ከዳቦው ጋር ዋጣት።

እናቴ ስትሰማ አልተቆጣችም። ባሏን ታውቀዋለች፤ ግራ ሲሉት ቀኝ ነው። የክኒኗን ጠርሙስ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ባለፋርማሲዋ የነገረችኝን ልንገርህ? ጭምብል አድርጎ ላልዋለ ሰው አትሠራም። ደግሞ ልብስ ተቀይሮ፣ እስከ ክርን ታጥቦ፣ ቤት ከተበላ በኋላ ነው የምትዋጠው» አለችው።

«እንዲህ አለች?»

«ታዲያ እኔ ከየት አመጣዋለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አሲድ ጭምብል አድርጎ ይውላል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እየተጣደፈ ቤት ይመጣል። ቱታውን በር ላይ ያወልቃል፤ እንደ ሙሽራ ይታጠባል። ደንበኞቹ «ሚስቱ አሠልጥናዋለች» እያሉ ሳቁበት።

በሁለተኛው ምርመራ እርሳሱ ቀንሶ ተገኘ። አባቴ ደረቱን ነፋ።

«አላልኩም? ግሪስ!»

ዶክተሯ እናቴን አየቻት። እናቴ ጣሪያውን አየች፤ ፊቷ እንደ ብርጭቆ ያበራል።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ፣ አባቴ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እኔ አንዷን ስውጥ፣ አንቺ አንዷን አፍርጠሽ ዘይቷን ፊትሽን እንደምትቀቢ የማላውቅ መስሎሽ ነው?»

እናቴ ክው አለች።

«ባለፋርማሲዋንም ያኔውኑ ጠይቄያታለሁ። ‹እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን ዝም አሰኘህ?»

«ከምድጃና ከሚያበራ ፊት፣ የትኛው ጋ ምሳ ይበላል?»

እናቴ ሳቋን ለመደበቅ በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። ቤት ስንደርስ ግን እንደ ወትሮዋ ቀድማ ገብታ፣ ሳሙናውን ይዛ በር ላይ ቆመች።