ከመጽሐፉ ጋር የመጣው ዱቄት

መጽሐፉን ወደ ቤት ያመጣው ባለቤቴ ነው። ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ካለችው ሱቃችን ሲመለስ በብብቱ ሸጉጦት ገባና ጫማውን አውልቆ ወዲያው ማንበብ ጀመረ። ገረመኝ። ከተጋባን ጀምሮ ከቁርኣንና ከዕቃ ደረሰኝ በስተቀር ሌላ ነገር ሲያነብ አይቼው አላውቅም።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ስለ አባቶቻችን አመጋገብ ነው። ያለ መድኃኒት፣ በምግብ ብቻ ጤና ስለ መሆን።»

«ከየት አመጣኸው?»

«አንድ ጨዋ ሰው ሱቅ ድረስ ይዞ መጣ። አንቺ ደግሞ ጀመርሽ! ሁሉን ነገር አትጠርጥሪ።»

መጠርጠሬን አልክድም። የተወለድኩት ወላጆቼ ከወሎ ተነስተው በሰፈሩበት መንደር ነው። እናቴ ያን ዘመን ስታወራልኝ፣ እህሉ ሲያልቅባቸው ጫካ ገብተው ቅጠል ይለቅሙ እንደነበር ትነግረኝ ነበር። «ያገሩ ሰው ሲለቅም ያላየነውን ቅጠል አንነካም» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ የጥንት ሰዎች የተፈጥሮን እየበሉ መቶ ዓመት ይኖሩ ነበር የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ እኔ የማስበው ሳላየው በወባ የሞተውን አያቴን ነበር። እሱም የተፈጥሮን ነው የበላው።

ባለቤቴ የስኳር ሕመም አለበት። ለዓመታት ኪኒን ሲወስድ ኖሯል፤ ኪኒኑንም ሲጠላው ኖሯል። በመጽሐፉ ምክንያት ቤታችን ተለወጠ። ስኳር ከቤት ወጣ። ፓስታና ፉርኖ ዳቦ ቀረ። የማሽላ ገንፎ፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ከባሮ ወንዝ የወጣ ዓሣ ሳይጠበስ ተቀቅሎ። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ በወንዙ ዳር ይራመድ ጀመር። ይህን እንዴት ልቃወም? ሐኪሙም ስንት ጊዜ ነግሮት አልሰማ ብሎ ነው።

እሱ ሱቅ ሲውል መጽሐፉን አንስቼ አነበብኩት። ግማሹ ድረስ እንከን አጣሁለት፤ ጨው ቀንሱ፣ ዘይት ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ ይላል። ከግማሹ በኋላ ግን ድምፁ ተቀየረ። ኪኒን መርዝ ሆነ፤ ሐኪም በሰው ሕመም የሚያተርፍ ነጋዴ ሆነ። ከዚያ የአንድ አረንጓዴ ዱቄት ፎቶ መጣ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። እኔም የነጋዴ ሚስት ነኝ። ያ ሁሉ ደህና ምክር ለምን ከፊት እንደተደረደረ ያኔ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉን ሱቅ ያመጣለት ሻጭ ራሱ ዱቄቱን ይዞ ቤት መጣ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሻይ ባቀርብለት ትኩስ ውኃ ብቻ ጠየቀኝ። የላስቲክ ዕቃውን ገልብጬ አየሁት፤ የተመረተበት ቀን የለው፣ አድራሻ የለው።

«ምን ምን አለበት?» አልኩት።

«ሽፈራው፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና አንድ ሥር ነው፣ እህቴ።»

«ምን የሚባል ሥር?»

ፈገግ አለ። «እሱ እንኳ የአባቶች ምስጢር ነው።»

ባለቤቴ አፍሮ በዓይኑ ገሠጸኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪኒኑን ትቶ ዱቄቱን በውኃ እየበጠበጠ መጠጣት ያዘ።

ነገሩ ሠራ። ሲለካ ስኳሩ ወርዷል። «አየሽ?» ይለኛል በየጊዜው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ይኸው መሥራቱ ነው። ጎረቤቴም ስኳር አለባት፤ እሷም ሽፈራውንም አብሹንም ትጠጣለች፤ የሷ ግን እንዲህ አልወረደም። አንድ ቀን ዱቄቱን በጣቴ ጫፍ ነክቼ ቀመስኩት። መጀመሪያ የቅጠል ምሬት ነው። እሱ ሲጠፋ ሌላ ምሬት ተከተለ፤ ኪኒኑን ለሁለት ስሰብርለት ጣቴ ላይ የሚቀረው ዓይነት።

«ይህ ነገር ኪኒን ኪኒን ይላል» አልኩት።

«ምላስሽ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ላብራቶሪ የሆነው?»

ተኮራረፍን። እየከሳ ሄደ። ማለዳ በላብ ተጠምቆ ይነሳል፤ ይርበዋል፤ በትንሹ ይቆጣል። ስጠይቀው መርዙ እየወጣ ነው ይለኛል፤ መጽሐፉ ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳሁም። ከጋምቤላ ወጣ ብላ ባለችው ኢታንግ ከተማ ለሚኖር ደንበኛ ዕቃ ሊያደርስ ሲነሳም «እኔም እሄዳለሁ» አልኩ። የመሄጃ ምክንያት አልነበረኝም፤ ብቻውን መስደዱ ግን አላስቻለኝም።

ዕቃውን አስረክበን ኢታንግ ገበያ ዳስ ጥላ ሥር እንደቆምን ባለቤቴ «እማ» ብሎ ጠራኝ። እናቱ ከሞተች ቆይታለች። ዞር ብዬ ሳየው ሸሚዙ ውኃ የፈሰሰበት ይመስላል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ እኔን አልፎ ሌላ ቦታ ያያል። ድሮ ኪኒን ሲጀምር ነርሷ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፦ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ጣፋጭ ስጪው። አጠገባችን ሻይ ወደምትሸጥ የኑዌር ሴት ሮጥኩ።

«ምን ሆነ? ወባ ነው?» አለችኝ።

«ስኳር! ስኳር ስጪኝ እባክሽ!»

የስኳሩን ጣሳ እንዳለ አስታቀፈችኝ። በብርጭቆ ውኃ በጥብጬ አፉ ላይ ስደቅንለት ፊቱን አዞረ።

«ስኳር አልጠጣም… መጽሐፉ…»

«መጽሐፉ ገደል ይግባ! ጠጣ!»

ሴትዮዋ ከጀርባው ደገፈችልኝ፤ እኔ ቀስ እያልኩ አስጎነጨሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኑ ተመለሰ። «የት ነን?» አለኝ። ያን ጊዜ ብርጭቆውን ለሴትዮዋ መልሼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ባለሙያው ጣቱን ወግቶ ለካው። ያን ሁሉ ስኳር ጠጥቶም ገና ዝቅ ያለ ነበር።

«ምን ኪኒን ነው የሚወስደው?»

«ኪኒን ትቷል። የቅጠል ዱቄት ነው የሚጠጣው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ እኔ ልነግርሽ አልችልም። ግን ቅጠል ብቻውን እንዲህ ሲያወርድ አላየሁም። ኪኒን ፈጭተው የሚቀላቅሉ አሉ ሲባል እንሰማለን። አሁን አይሄድም፤ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል እዚሁ እየለካን እናቆየዋለን።»

እዚያው አደርን። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እንቅልፍ ወስዶት ይሁን አፍሮ አላወቅሁም።

ጋምቤላ እንደተመለስን መጽሐፉ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። ሻጩ ራሱ አነሳው፤ ሱቅ እንዲመጣ ነገርኩት፤ መጣም። የሆነውን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ አልፈጨሁትም፣ እህቴ። ከአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ ነው የሚላክልኝ። እናቴም እኮ ትወስደዋለች!»

«እናትህም?»

ስልኩን አወጣና ጆሮው ላይ አደረገ። «እማዬ… ዛሬ ዱቄቱን ወስደሻል?… በቃ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኪው። ሐኪም ቤት ሂጂ። ምክንያቱን በኋላ እነግርሻለሁ።» ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የባለቤቴ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ አንገቴን አስግጌ የምር ደውሎ እንደሆነ ከስልኩ ላይ ለማየት እሞክር ነበር። ፀሐዩ የስልኩ መስታወት ላይ አንጸባረቀብኝ፤ ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ያየው የለም። ስልኩም ተዘግቷል። የተረፈውን ዱቄት ጤና ቢሮ ወስጄ ሰጠሁ፤ ለምርመራ እንልከዋለን አሉኝ፤ እስካሁን የሰማሁት ነገር የለም። ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ኪኒኑን እንደ ገና ጀመረ። ሐኪሙ ማሽላውን፣ ዓሣውንና የእግር ጉዞውን እንዳይተው አጥብቆ ነገረው፤ አልተወም። እኔም አብሬው መራመድ ጀምሬያለሁ።

ባለፈው ሰሞን በባሮ ዳር ስንራመድ፣ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች እንዳለፍን ድንገት ቆመ።

«ያ ሰው ግን ተታሎ ነው እንጂ ክፉ አልነበረም» አለኝ። «እናቱን አላስጠነቀቀም?»

«ስትመልስለት ሰምተሃል?»

ወደ ወንዙ ዞረ። «አልሰማሁም» አለ፣ ቅር እያለው።

እኔም እውነቱን አላውቅም። እናት ካለችው፣ ዱቄቱን ትታው ይሆን ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ። ፀሐዩ እየበረታ ስለነበር ክንዱን ያዝኩትና ወደ ቤት ተመለስን።