ለአባ ዘውዱ ብቻ የቀዳሁት ጠላ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለልጄ አልነገርሁም፣ ለእህቴ አልነገርሁም። ቄሳችን ኃጢአቴን እንድናዘዝ በጠየቁኝ ጊዜ እንኳ ሌላ ሌላውን ቆጥሬ ይህን ዘለልሁት። አንተ የምታነበኝ ሰው፣ ወይም አንቺ፣ ማን እንደሆንህ አላውቅም፤ ለማላውቀው ሰው መናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ያለነው ቤተ እስራኤሎች ስንሰበሰብ የማያልቅ ክርክር አለን። አንድ ሰው የሚወደው ጠላ፣ ወጣቶቹ ደግሞ የሚወዱት የጠርሙስ ቢራ፣ ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ጣዕሙ ይለወጣል ወይስ የሚለወጠው የጠጪው ምላስ ነው? አንዱ ውሃው ነው ይላል፣ አንዱ ገብሱ ነው ይላል፣ አንዱ እርጅና ነው ብሎ ይስቃል። እኔ ያን ጊዜ ዕቃ ላጥብ ብዬ እነሣለሁ። አባ ዘውዱ የሚወዱት ጠላ ለምን እንደተለወጠባቸው የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። የለወጥሁት እኔ ነኝ።

ስሜ ትርንጎ ነው። በሱዳን በኩል ነው የመጣሁት፤ ባሌንና ሁለት ሴት ልጆቼን እዚያ ቀብሬ አንድ ወንድ ልጄን ዮሴፍን ይዤ ገባሁ። ይህ የምናገረው ነገር በሆነ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ናሕሊኤል የሚባለው ሰፈር ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ከሰኞ እስከ ኀሙስ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ለሰንበት ጠላ እጠምቃለሁ። ጋን ከየት ይመጣል? በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነበር የምጠምቀው፤ ጌሾውን ከእኛ በኋላ በአውሮፕላን የመጡ ዘመዶች ይዘውልኝ መጥተዋል። ሰንበት ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት ገብተው ሲጫወቱ ይውላሉ። ዝም ያለ ቤት ስለምፈራ ነው የምጠራቸው።

ከሁሉም ትልቁ አባ ዘውዱ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በሰባት ትውልድ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና አይጋቡም። ቆጣሪያችን አባ ዘውዱ ነበሩ። ፊደል አያውቁም፣ ነገር ግን የስንት መንደር ሰው ዘር በጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። ከሌላ ከተማ፣ ከነታንያም ከረሆቦትም፣ ልጆቻቸውን የሚድሩ ሰዎች እየመጡ ይጠይቋቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ፤ ይጋቡ ካሉ ይጋባሉ፣ አይሆንም ካሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ምላሳቸውም እንደዚያው ነበር። አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው ብቅሉን ሁለት ቀን አሳልፌ እንዳሰጣሁት ይነግሩኛል፣ እውነትም አሳልፌው ነበር።

አሁን ስለ ልጄ። ዮሴፍ ከጻባ፣ ከወታደር ቤት ማለቴ ነው፣ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ምን እንዳየ አልነገረኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ወራት ተኛ። ሥራ ስሄድ ኩሽና ያለውን ቢላዋ ሁሉ በጨርቅ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤ እወጣ ነበር፤ ስመለስ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ቁልፉን በሩ ውስጥ ለማዞር እፈራለሁ። በዚህ መሐል መልካም የምትባል ልጅ አገኘ። ተነሣ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ኢንዱስትሪ ዞን ካለ የእንጨት ሥራ ቤት ገባ። አንድ ቀን እጄን ይዞ "እማ፣ ላገባት ነው፣ በሴደር?" አለኝ፤ እሺ ወይ ማለቱ ነው። ደስታዬ የቆየው የአባቷን ስምና መንደር እስኪነግረኝ ድረስ ነው።

አባቴ በልጅነቴ ይመኙሽ ስለምትባል ሴት ያወራን ነበር። ባሏ ሞቶባት ወንዝ ተሻግራ ሌላ ያገባች፣ በሁለቱም ቤት የወለደች ናት። አንደኛው ቤት የእኛ ነው። ሁለተኛው የመልካም አባት ቤት ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቆጠርሁት፣ ደግሜም ቆጠርሁት፤ አምስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ። እኔ ያገኘሁትን አባ ዘውዱ ይስቱታል? የልጅቷ አባት ደግሞ አባ ዘውዱ ሳይቆጥሩልኝ ልጄን አልሰጥም የሚል ሰው ነው። የመቁጠሪያው ቀን አራት ሰንበት አልፎ እንዲሆን ተቆረጠ። እኔም ቢላዋዎቹን እንደገና በቦርሳዬ የምይዝበት ቀን ታየኝ።

የመጀመሪያው ሰንበት የሆነው ሳላስበው ነው፤ ይህን አምላክ ያውቃል፣ ከዚህ ሌላ ግን የሚያውቅልኝ ደግ ነገር የለም። ካለፈው ሳምንት የተረፈ የኮመጠጠ ጠላ በአንድ ጆግ ነበር። በስሕተት ለአባ ዘውዱ ከእሱ ቀዳሁ፣ ለሌሎቹ ከአዲሱ። ጎንጨት አሉና "ትርንጎ ልጄ፣ ዛሬስ ጠላሽ ተለውጧል፣ ምነው ደኅና አይደለሽም እንዴ?" አሉኝ። ሌሎቹ የየራሳቸውን ቀመሱ፤ ደኅና ነው። ተያዩና ሳቁ። አንዱ "አባ፣ የተለወጠው ምላስዎ ይሆናላ" አላቸው። ስሕተቴን ወዲያው አውቄዋለሁ፣ ልናገርም አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የሰዎቹን ፊት አየሁ። አባ ዘውዱን እንደዚያ የሚያይ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ልጅን እንደሚያዩ ነበር ያዩዋቸው። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

በሁለተኛው ሰንበት ግን አውቄ አደረግሁት። የእሳቸውን ለብቻ ቀድቼ ከማኮሌቱ፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ የገዛሁትን ጣፋጭ ጥቁር ቢራ ደባለቅሁበት። እንደገና ተለውጧል አሉ። እንደገና ተሳቀ። ጎናቸው የተቀመጠው ሰውዬ እስቲ ልቅመሰው ብሎ እጁን ወደ ብርጭቋቸው ሰደደ። እኔ ልቅዳልህ ብዬ ስሽቀዳደም ብርጭቆውን በክርኔ ገፍቼ ደፋሁት። ጠላው ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ፤ አባ ዘውዱ ግን እኔን አይዞሽ ይሉኝ ጀመር።

በሦስተኛው ሰንበት የሠራሁትን ስናገር አፈር በበላሁ ያሰኘኛል። ገና ሲገቡ ጌሾ አልቆብኝ ዛሬ በሌላ ጠምቄዋለሁ፣ ጣዕሙ ሌላ ነው አልሁ። ውሸቴን ነው፤ ለሁሉም ከዚያው ከድሮው ቀዳሁ። ሌሎቹ እኔን አምነው አዎ ተለውጧል አሉ። አባ ዘውዱ ብቻ ፊታቸው በርቶ "ዛሬ የድሮው ተመለሰ፣ ተመስገን" አሉ። ከእሳቸው በቀር እውነት የተናገረ በዚያ ቤት አልነበረም። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ፣ በዚያ ቀንስ የሳቀ ሰው የለም። በአራተኛው ሰንበት ምንም አላደረግሁም። ብርጭቋቸውን ይዘው፣ ሌሎቹ ምን እንደሚሉ ጠብቀው ነው የጠጡት።

ታዲያ የመቁጠሪያው ቀን በመልካም አባት ቤት ተሰበሰብን። አባ ዘውዱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ይመኙሽ አሉ። የሁለት ቤት እናት ናት፣ ልጆቹ የአንድ እናት ዘር ናቸው፣ አይሆንም አሉ። ዮሴፍን አየሁት፤ ያን ግድግዳ የሚያይ ፊቱን ነበር ያየሁት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲሉ ሰምታችሁ የለ? እኔም ድምፄን አለስልሼ፣ የምራራላቸው መስዬ "አባ ዘውዱ፣ ጠላውንም እኮ ተለውጧል ሲሉ ነበር" አልሁ።

ይህን ነው ያደረግሁት። እኔ፣ ቤቴ የሚበሉ የሚጠጡትን ሰው፣ ልጄ የሚሉኝን ሰው። የአባቴን ተረት እያስታወስሁ፣ እውነት መናገራቸውን እያወቅሁ።

አባ ዘውዱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣ ቢሆን በቻልሁት፣ ግራ መጋባት ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ጀመሩ፤ ሦስተኛው ላይ አንድ ስም ጠፋባቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ አሁንም ጠፋባቸው። ያን ጊዜ ታጥፈው የነበሩትን ጣቶቻቸውን ዘርግተው ጉልበታቸው ላይ አኖሯቸውና "እንግዲህ ልጆቹ ይጋቡ። እኔ ከእንግዲህ አልቆጥርም" አሉ።

ልጄ ተሞሸረ። ሠርጉ ላይ ስጨፍር ያየኝ ሰው ምን ያህል ደስ ብሏታል ሳይል አልቀረም። ፍርሃቴ የጀመረው በማግስቱ ነው። መልካም ስታረግዝ እንቅልፍ አጣሁ። ልጁ የማይሰማ ሆኖ ቢወለድስ? የማይናገር ቢሆንስ? ይመኙሽ በሕፃኑ ላይ ብትፈርድብኝስ? መልካም ክሊኒክ ስትሄድ እኔም ተከትያት እሄድና ሮፌው፣ ሐኪሙ፣ ስክሪኑን ሲያይ እኔ የሮፌውን ፊት አያለሁ፤ ቅንድቡ ከተንቀሳቀሰ ምን አየህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለሌላው ሰው ይህ ተስፋ ነው፣ ለእኔ ግን ማስፈራሪያ ነበር።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ደኅና ነው። ሲያለቅስ ሰማሁት፣ ሳጨበጭብ ዞሮ አየኝ፣ ቢሆንም አላመንሁም፤ ትንሽ ባስነጠሰው ቁጥር መጣ እላለሁ።

አባ ዘውዱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤቴ መምጣት ትተው ነበር። ከሩቅ ሊያስቆጥሩ የሚመጡትን በር ላይ ይመልሷቸዋል አሉ፤ ምላሴ ከድቶኛል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ይሏቸዋል። ሌላ ሰው የለም። ልጃቸው ሮፌ ዘንድ ወስዳቸው ቀኑ ምንድን ነው ሲባሉ፣ ቀኑን እያወቁት፣ ማክሰኞ ይመስለኛል ግን አትመኑኝ ብለው እንደመለሱ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስሁ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ምን ይባላል?

ሕፃኑ አንድ ወር ሲሞላው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ዮሴፍ ሥራ ነው፣ መልካም ሕፃኑን ይዛ ወደ እናቷ ሄዳለች፤ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። በዱላቸው ደረጃውን ወጥተው ደክሟቸው ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውንም አላወለቁም።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ጊዜ ጠላው ተለውጦ ነበር ወይስ አልተለወጠም?"

አንድ ቃል ነበር የምናገረው። ተለውጦ ነበር፣ አባ፣ እኔ ነኝ የለወጥሁት። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የልጅቷ አባት ታየኝ፣ ሰንበት የሚመጡት ሰዎች ታዩኝ፣ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው በእኔ ሲንሾካሾኩ ታየኝ።

"አልተለወጠም፣ አባ" አልሁ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ እጃቸውንም ወደ ላይ ዘረጉ። "ተመስገን። እንግዲያው የሳትሁ እኔ ነኝ፣ ልጆቹም ዘመድ አይደሉም። ሕፃኑን እያሰብሁ እንቅልፍ አጥቼ ከርሜ ነበር። ሕፃኑ ከሚጎዳ የእኔ መጃጀት ይሻላል" አሉ። እኔ የፈራሁትን ሁሉ እሳቸውም ለካ ለብቻቸው ሲፈሩት ከርመዋል፤ ለእኔ የልጅ ልጅ።

ምን ላድርግ? ተነሥቼ ጠላ ቀዳሁላቸው፣ ከደኅናው፣ ከጥሩው። ጎንጨት አሉ፣ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ፣ ዋጡት። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ቀና አሉና "ዛሬስ እንዴት ነው፣ ልጄ? አንቺ ንገሪኝ" አሉኝ።

ጥሩ ነው አልኋቸው። ጥሩ ነው ብለው ጨረሱት።

ክረምቱ ሳያልፍ አረፉ። የዚያ ሁሉ መንደር ዘር አብሯቸው ተቀበረ፤ የጻፈው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በእኛ ሰፈር ሳይቆጠር የተጋባው ስንት እንደሆነ አላውቅም፣ ሠርግ ስጠራም ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ።

ይቅርታ የምለምነው እሳቸውን ነበር፣ የሉም። እናንተ ደግሞ፣ ባሏንና ሴት ልጆቿን ሱዳን ቀብራ የመጣችውን እናት፣ ቢላዋ በቦርሳዋ ይዛ የምትወጣዋን እናት አስባችሁ ልጇን ልታድን ነው ትሉ ይሆናል። አትበሉ። አባ ዘውዱ ቤቴ በመጡበት በዚያ ቀን ልጄ ድኗል፣ አግብቷል፣ ሕፃኑም በጤና ተወልዷል። ሊድኑ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ አንድ ቃሌ ይበቃቸው ነበር። ያችን ቃል የከለከልኋቸው ለልጄ ፈርቼ አይደለም፤ ለራሴ ፈርቼ ነው።