ጎርፉን በበር የመለሰችው ሴት

መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፣ ተውሶ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ ነው ይባላል። እኛም ሞኝ መሆን አልፈለግንም። የምንወደውን መጽሐፍ በአፍ እንተርካለን እንጂ አናውስም ነበር።

አራት ነበርን። አንዱ ጎብዬ ላይ ሻይ ቤት ያለው ገጣሚ ነው። ሁለተኛው ሮቢት የሚሠራ የከብት ሐኪም፣ አጫጭር ልብ ወለድ የሚሞክር። ሦስተኛው ዋጃ ላይ ጨርቅ የሚነግድ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ግጥም የሚጽፍ ሰው። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ የቆቦ አስተማሪ፣ ንዴቴ ቅርብ፣ ጀምሬ የተውኩት ታሪክ ደግሞ በካርቶን ሙሉ። ያኔ ሞባይል ወደ እኛ ገና አልደረሰም፤ ደህና መጽሐፍ ለመግዛትም ደሴ ድረስ መሄድ ነበረብን።

ዘዴውን የወሰድነው ከአፋሮች ነው። ቆቦ ገበያ ግመል ይዘው የሚመጡ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዲሁ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። የሰማው ሰው ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። እኛም የመጽሐፍ ዳጉ አቋቋምን። መናኸሪያ ይሁን ሠርግ ቤት፣ ከአራታችን ሁለት ከተገናኘን መጀመሪያ መጽሐፍ ይወራል። ለቅሶ ቤት እንኳ! አንድ ጊዜ ከከብት ሐኪሙ ጋር ድንኳን ጥግ ተቀምጠን ስንንሾካሾክ ሳቅ አመለጠኝና የሟች እህት አፍጥጣ አየችኝ። እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

ታዲያ የጎብዬው ገጣሚ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ መጽሐፍ ነበረው። ስለሱ ማውራት ከጀመረ ደንበኛው ሻይ ሳይጠጣ ይሄዳል። ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ለነጋዴው ነገረው። ነጋዴው አንድ ቅዳሜ ሸቀጥ ሊጭን ቆቦ መጥቶ፣ እኔ መናኸሪያ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ረዳቶቹ “ወልድያ! ወልድያ!” እያሉ ሲጮሁ፣ ለእኔ ነገረኝ። ታሪኩ ውስጥ ጎርፍ የመጣባት ሴት አለች። ባሏ የለም፣ ጎረቤት የለም። የቤቷን በር ነቅላ ቦዩ ላይ ደቀነችና ጎርፉን ከቤቷ መልሳ ማሽላዋን አጠጣችበት።

እዚያው ጆንያው ላይ አለቀስኩ። እናቴ ናታ! በእኛ አገር ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ይዘንብና ለእኛ የሚደርሰን ጎርፉ ነው። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ወንዙ እየጮኸ ይመጣል። ጠልፈህ እርሻህ ውስጥ ካስገባኸው ዓመቱን ትበላለህ፤ ካመለጠህ ቤትህን ይዞት ይሄዳል። እናቴ አንድ ክረምት አባቴ በሌለበት በሩን ነቅላ ጎርፍ እንደመለሰች ጎረቤት ሲያወራ ሰምቻለሁ። እሷ ግን ስትጠየቅ “ተዪኝ እስቲ፣ ምን ላድርግ ታዲያ?” ከማለት በቀር ተናግራው አታውቅም።

በሳምንቱ ከዋጃ ገባ ብሎ ወዳለው መንደራችን ሄድኩ።

“እማ፣ እንዳንቺ ያለች ሴት መጽሐፍ ላይ ተጽፋለች!”

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ለእሷ መጽሐፍ የቅዱሳን ገድል ነው፣ የነገሥታት ታሪክ ነው። እኔ እጽፋለሁ ስላት እንኳ “እኛን የመሰለ ሰው ምን አለውና ይጻፋል?” ነበር የምትለኝ። አሁን የምትለቅመውን ማሽላ አስቀመጠች።

“በበር?” አለች።

“በበር!”

“ተጽፎ?”

“ተጽፎ!”

እንግዳ የመጣባት ይመስል ነጠላዋን አስተካከለች። “በይ አምጪና አንብቢልኝ። ሳልሞት በጆሮዬ ልስማው” አለችኝ። እንደማመጣላት ማልኩላት። ከዚያ ወዲህ ከመንደር ለገበያ የመጣ ሰው ሁሉ “እናትሽ መጽሐፉ ደረሰ ወይ ትላለች” ይለኝ ጀመር።

ገጣሚውን ለመንኩት። “አላውስም፣ ሕግ ሕግ ነው” አለ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ እንደገና ተቆጣሁ። በመጨረሻ “እኔው ይዤው እመጣለሁ፤ ከዓይኔ ሳይርቅ ታነቢዋለሽ” አለኝና አንድ እሁድ ከሰዓት አራታችንም እኔ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን።

መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ስስ ነው። ነጠቅሁትና ገለጥኩ። አንድ የከተማ ጸሐፊ አለ፣ የቢሮ ጸሐፊ፤ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ጣራው ያፈሳል። ሚስቱ ጠብታው ሥር ሳፋ ታስቀምጣለች። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፣ አለቀ። ጎርፍ የለም፣ ማሽላ የለም።

“ሴትዮዋ የታለች?” ብዬ ጮህኩ።

“ይቺውልሽ” አለ ገጣሚው በኩራት፣ “ሳፋ ይዛ።”

የከብት ሐኪሙ ማሳል ጀመረ። “እኔ… ትንሽ ወደ ገጠር ወሰድኳት። ኪራይ ቤት ውስጥ ታፍና አሳዘነችኝ። ማሽላም ዘራሁላት።”

“ሳይጨምር ሳይቀንስ አልተባባልንም?” ገጣሚው ብድግ አለ።

“ተቀመጥ አቦ” አለው ነጋዴው። “እኔም የጣራውን ፍሳሽ ጎርፍ አድርጌዋለሁ። ለእኛ ለራያ ሰው ጣራ አፈሰሰ ብትለው ማን ይደነግጥልሃል? እሰይ ነው የሚልህ!”

ሁለቱ በሳቅ ወደቁ። ገጣሚው መጽሐፉን አቅፎ “ገደላችሁት፣ ገደላችሁት!” ይላል። እኔ ግን አልሳቅሁም።

“በሩንስ?” አልኩ። “በሩን ማን አመጣው?”

ተያዩ። “የምን በር?”

“ጎርፉን የመለሰችበት በር ነዋ!”

“ወላሂ” አለ ነጋዴው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ “በር የሚባል ከአፌ አልወጣም። በአካፋ ነው የመለሰችው፣ አፈር እየዛቀች። ጎርፉ ጋ ስደርስ ማልቀስ ጀመርሽ፤ እኔም አወራሬ አምሮልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።”

ጆሮዬ ጋለ። በሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። እሱ ሲያወራ እኔ የማየው እናቴን ነበር። ጉድ እኮ ነው! ያን ሁሉ ጊዜ በሌለ ደራሲ ስቀና ከርሜያለሁ፤ እንዴት አድርጎ ጽፏት ይሆን እያልኩ፣ ካርቶን ሙሉ ጅምሬን እያየሁ ሳፍር። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ።

“ምን ብዬ ልንገራት? መጽሐፉ የለም ልበላት?”

“ጻፊያታ!” አለ ሐኪሙ፣ ለላም መድኃኒት እንደሚያዝ ሁሉ ረጋ ብሎ።

“ጻፊያት” አለ ገጣሚውም፣ መጽሐፉን ወደ ፌስታሉ እየመለሰ። “የኔን እንደሆነ አበላሽታችሁታል።” ያኔ እኔም ሳቄ መጣ፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

ጻፍኳት። ጀምሬ የጨረስኩት የመጀመሪያ ታሪክ እሱ ነው። እየጻፍኩ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ነግሮኝ?

ወስጄ አነበብኩላት። ደጃፉ ጥላ ላይ ተቀምጣ፣ ሳትነቃነቅ ሰማች። “ሴትዮዋ ብቻዋን ነበረች፤ ብቻዋን ከጎርፉ ጋር ተያያዘች” የሚለው ላይ ስደርስ አገጯን በመዳፏ ያዘች። ጨረስኩ።

“ማነው የጻፈው?” አለችኝ።

“እኔ ነኝ፣ እማ። ሌላ መጽሐፍ የለም። እኔ ነኝ።”

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

“ልክ አይደለም” አለች።

“ምኑ?” አልኩ።

“ብቻዋን ብለሻል። መች ብቻዬን ነበርኩ? አንቺ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ እኮ። እኔ በሩን ገፍቼ ይዤ ድረሱልኝ እያልኩ ስጮህ፣ አንቺ ውሃው በረጨሽ ቁጥር ከት ከት ብለሽ ትስቂያለሽ። ያንን ሳቅሽን እየሰማሁ እንዴት ብዬ በሩን ልልቀቀው?”