«ምን አለ አሁን?» ይሉ የነበሩት አክስቴ

አላህ ይዘንላቸውና፣ አክስቴ ባለቤቴን እስከ መጨረሻው አላመኑትም። እዚህ ዓረብ አገር፣ አርብ አርብ ከአል አይን ከተማ፣ ከፈላጅ ሃዛ ሰፈር፣ በአውቶቡስ አል ኻሊዲያ ወዳለው ቤታችን ይመጡ ነበር። ጃፓናዊው ባለቤቴ በስልክ በቋንቋው ማውራት ሲጀምር ልጄን እቅፍ አድርገው፣ «ምን አለ አሁን?» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ከእናቱ ጋር ሲያወራ «ሃፉ» የምትል ቃል ደጋገመ። አክስቴ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ግማሽ ማለት ነው። እዚያ አገር ከውጭ ሰው የተወለደ ልጅን እንደዚያ ይሉታል።»

«ምኗ ነው የጎደለው?» ብለው ወደ እሱ ዞሩ።

እሱም በሚኮላተፍ አማርኛው፣ «እናቴን፣ ‹ልጄን እንደዚያ አትጥሪያት› እያልኳት ነው» አላቸው።

«እስኪ እናያለን» አሉ፤ ልጅቷን ግን አልለቀቁም።

ካረፉ ሦስት ወር ሆናቸው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ መሥሪያ ቤቱ ወደ ጃፓን ሊመልሰው እንደሆነ ነገረኝ። ልጃችን ትምህርት የምትጀምረው እዚያ ነው። እሳቸው እያሉ መጠርጠሩን ለእሳቸው ትቼ እኔ ባሌን አምኜ እኖር ነበር።

«ትምህርት ቤት ምን ብለው ይጠሯታል?» አልኩት።

«እንጃ» አለኝ።

መልሱን እስካውቅ ድረስ የእኔንና የልጄን ኢቃማ፣ የዚህን አገር የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ እንዳያሰርዝ ነገርኩት።