የወይንሸት ክርስትና

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው አንገቷ ነው። ጊደር መጋላ ገበያ፣ ቅመም ተራ ጎንበስ ብላ ቅርንፉድ ስትሰፍርልኝ፣ በጠይም አንገቷ ዙሪያ ከቀሪው ቆዳዋ የፈካ አንድ ቀጭን መስመር አየሁ። ለዓመታት ፀሐይ ያልነካው የማተብ ቦታ ነው። ማተቡ ግን የለም።

ሐረር ለማስተማር ከመጣሁ ጀምሮ የሻይ ቅመም የምገዛው ከወይንሸት ነው። አጠገቧ በርበሬ የምትሸጠው ሐዋ ዓይኔ የት እንዳረፈ አይታ ሳቀች።

«መምህሩም አየልሽ። ወላሂ ገበያው ሁሉ ሐዋ አሰለመቻት እያለኝ ነው።»

«አንቺ ምን ታሰልሚያለሽ» አለች ወይንሸት፣ ቅርንፉዱን በወረቀት እየጠቀለለች። «እኔ ክርስቲያን መሆኔም ገና ነው።»

የነገሩን ምንጭ የነገረችኝ ቀስ በቀስ፣ ገበያተኛ ሲመጣ እያቋረጠች ነው።

የተወለደችው ጣሊያን ከሐረር በወጣበት ዓመት ነው። አባቷ ሳያያት ሞተ፤ እናቷ በአራስ ቤት አረፈች። አክስቷ በለጡ ከመንዝ እስክትደርስ ሕፃኗን የያዟት የፈላና በር ሰፈር ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነበሩ። አክስት ስትደርስ በሕፃኗ አንገት ላይ ጥቁር የሐር ክር አየች።

«በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አንሥቻታለሁ» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ። «ስሟ ወለተ ማርያም ነው።» አክስት ጉልበታቸውን ሳመች።

ወይንሸት በዚያ ስም ጾመች፣ በዚያ ስም ቆረበች። ስታድግ የወይዘሮ ሮማነወርቅ ልጅ ጌታቸው ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ሊላክ ሲል እናቱ በሩ ላይ ቆሙ። «ክርስትና ያነሣኋት ልጄ ናት። እህትህን ልታገባ ነው?» የክርስትና ልጅና የአብራክ ልጅ እንደማይጋቡ የማያውቅ ስለሌለ፣ ማንም አልተከራከረም። ጌታቸው የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ አገባ። ወይንሸት በሠርጉ ላይ እንደ እህት ወገቧን አስራ እንግዳ አስተናገደች፤ እሷ ግን ሳታገባ ቀረች።

ባለፈው ሁዳዴ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ታመው ሊቆርቡ ፈለጉና የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ጊዮርጊስን አስጠሩ። አባ ኑዛዜያቸውን ሰምተው «ይህንን እሷው ትስማው፤ ያለዚያ አላቆርብዎትም» አሏቸው። ወይንሸት ተጠራች።

«ያኔ ከተማው በጦርነት ታምሶ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከአልጋቸው ላይ። «ዛሬ ነገ ስል ቀኑ አለፈ። ክሩን ያሰርኩልሽ እኔው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። አክስትሽ ስትመጣ አፈርኩ።»

«ያኔስ አፈሩ እንበል። ጌታቸው ሲጠይቀኝስ?»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወይንሸት ማተቡን ፈትታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። «አልበጠስኩትም» አለችኝ። «ማተብ የሚበጥስ ከሃዲ ነው። እኔ የፈታሁት የእሳቸውን ክር ነው።»

እኔ ጥምቀትን ሕፃናት አልቅሰው የሚረሱት ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። እሷ ግን የማታስታውሰውን ቀን ስታጣ፣ ከዚያ ወዲህ የኖረችው ሁሉ አብሮ ከእጇ ወጣ።

«ትዳሩስ ይቅር» አለች። «ትዳር ያጣ ሰው ሞልቷል። እኔ በበሩ ሳልገባ ማዕድ ቀርቤ ስበላ ኖርኩ። ዛሬ ብሞት ካህኑ በማን ስም ይፈቱኛል?»

አባ ወልደ ጊዮርጊስ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ሊያጠምቋት ቀጠሮ ሰጧት። ክርስትና የምታነሣት ጎረቤቷ ጥሩወርቅ ነበረች፤ ነጠላዋን እንኳ አጥባ አዘጋጅታለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቅመም ልገዛ ስሄድ ጌታቸው መጣ። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ካፖርት ለብሶ ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«እናቴ ነግራሻለች አይደል? እንግዲህ በመካከላችን የሚያግድ ነገር የለም።»

«አንተ መቼ ሰማህ?»

ኮፍያውን አዟዟረው። «ከሠርጌ በፊት። እናቴ ናት፤ ምን ላድርግ?»

የወይንሸት እጅ ቅመሙ ውስጥ እንደገባ ቀረ።

«ስቆርብ አጠገቤ ቆመህ ታየኝ ነበር» አለች።

«ደስ ብሎሽ ነበራ። ደስታሽን ላበላሽ?»

«ያ ረቢ» አለች ሐዋ ቀስ ብላ። «ይኼ ሁሉ ዓመት የተቆለፈ አፍ ለጋብቻ ጊዜ ተከፈተ?»

«አንቺ በርበሬሽን ሽጪ» አላት ጌታቸው።

«እየሸጥኩ ነው። ላንተስ ልመዝንልህ?»

ወይንሸት ቀና አለች። «ነገ ከቅዳሴ በፊት ቤተ ክርስቲያን ና። ክርስትና የሚያነሡኝ እናትህ ናቸው።»

«ጥሩወርቅ አልነበረች እንዴ?» አለች ሐዋ።

«ነበረች፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ዕድሜ ልኬን ልጄ ሲሉኝ የኖሩትን፣ አንድ ጊዜ በካህን ፊት በውኃው አጠገብ ቆመው ይበሉት። ጌታቸውም እውነተኛ እህት ይኑረው።»

ጌታቸውን ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። ሲገባው ኮፍያውን አድርጎ በሰዉ መካከል ሄደ።

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «እትዬ ወይንሸት፣ በበቀል ክርስትና ይጀመራል?»

አልተቆጣችኝም። «አባም ይህንኑ ይጠይቁኛል። ቂም ይዤ ወደ ውኃው አልገባም፤ ለዚህ ነው አሁኑኑ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዘንድ የምሄደው። ይቅር ብያለሁ ማለት ከቻልኩ ክርስትና ያነሡኛል። ካልቻልኩ የነገው ቀርቶ ሌላ እሑድ እጠብቃለሁ።»

«መቆም ቢያቅታቸውስ?»

«አዝላቸዋለሁ።»

ሚዛኗንና ቅመሟን ለሐዋ አደራ ሰጥታ ነጠላዋን አጣፋች። ፊቷ ላይ ይቅርታ የሚመስል ነገር ፈለግሁ፤ አላየሁም። ጨው የጫኑ አህዮች እስኪያልፉላት ጥግ ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ፈላና በር በሚወስደው ጠባብ መንገድ፣ ወደ ኋላ ሳትመለከት፣ እየፈጠነች ሄደች።